የአያቴ ቤትና የአክስቴ ቆብ

የእኛ ቤተሰብ ሃይማኖተኛ ነው። አያታችን መሪጌታ ዘርአ ዳዊት አንኮበር ላይ ዕድሜ ልካቸውን ዜማ ያስተማሩ ሰው ነበሩ፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ፣ ዜማው ባይደርሰንም፣ በየበዓሉ ስልካችን ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ሳንለጥፍ አናድርም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ፣ የነፍስ አባቱ እቤቱ ድረስ መጥተው መስቀል ሲዘረጉለት፣ አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ ሳይሳለም የቀረበትን ቀን አይቻለሁ። አየሁ ስል ከውጭ ሆኜ አይደለም፤ ካልተሳለሙት አንዷ እኔ ነኝ። ሰርካለም እባላለሁ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ጸጉር ቤት አለኝ፣ ነገሩም እንዲህ ነው።

አያቴ ሲሞቱ ሁለት ቤት ትተዋል። አንዱ አንኮበር እሳቸው የኖሩበት ነው። ሌላው ደብረ ብርሃን አስፋልት ዳር ያለው፣ ሱቅ ሱቁ የተከራየው ነው። ኑዛዜያቸው አጭር ነበር። ቤቶቹ አይሸጡም፣ አይከፋፈሉም። ከኪራዩ የልጅ ልጆች ይማሩበታል፣ የታመመ ይታከምበታል፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ዝክራቸው ይደገስበታል። ይህን ሁሉ የምታስፈጽመው የመጀመሪያ ልጃቸው ማኅደረማርያም ናት። ሲደክማት ከዘራቸው መካከል ፈቃደኛ ለሆነ፣ በነፍስ አባት ፊት መስቀል ተሳልሞ «እሺ» ላለ ሰው ቁልፉን ታስረክባለች። ፍርድ ቤትም እንዳለ አጸደቀው። አያቴ ብዙ መጽሐፍ ያነበቡ ሰው ነበሩ፤ ፈቃደኛ የሚባል ዘር እንዳላቸው የት እንዳነበቡ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ማኅደረማርያም አክስቴ ናት፤ እትዬ ማኅደር ነው የምንላት። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝም እሷ ናት። ቁልፎቹን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ሥራውን ስትጀምር ጸጉሯ ጥቁር ነበር። የማጥብላት እኔ ስለሆንኩ መቼ መቼ እንደነጣ በደንብ አውቃለሁ። ጣራ ሲያፈስ የሚደወለው ለእሷ ነው። ተከራዮች በፍሳሽ ሲጣሉ የምታስታርቀው እሷ ናት። ማዘጋጃ ቤት የአጥሩን ቀለም ካልለወጣችሁ ብሎ ወረቀት ሲለጥፍ፣ ጋሎን ተሸክማ ቀለም ቀቢ ስትፈልግ የምትውለውም እሷው ናት።

እኛስ? እኛ ባለመብቶች ነን። አጎቴ ጋሼ ተስፋሚካኤል፣ የእሷ ታናሽ ወንድም፣ ከገንዘብ ቢሮ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሙያቸው እንዳይረሳቸው በየወሩ «እስቲ ሂሳቡን ልየው» እያሉ ይመጣሉ፤ ያዩትና ምሳ በልተው ይሄዳሉ። ልጃቸው ሥርጉት ባንክ ነው የምትሠራው። ሴት ልጇን ያስገባችው ሕፃናቱ በእንግሊዝኛ ካላስነጠሱ የማይመሰገኑበት ትምህርት ቤት ነው፤ አያቴ «ይማሩበታል» ያሉት ይህን ነው ብላ ታምናለች። የሌላዋ አክስቴ ልጅ ቴዎፍሎስ ደግሞ ደብረ ሲና አይሱዙ አለው። አንድ ጊዜ ሞተሩ ሲነክስበት «የታመመ ይታከማል ይላል እኮ ኑዛዜው» ብሎ እትዬ ማኅደር ፊት በቁም ነገር ተከራክሯል። እኔ ምንም አልጠይቅም፤ እንዲያው ጸጉር ቤቴ ያለው ከአያቴ ሱቆች በአንዱ ውስጥ ነው፣ ኪራይም ሳልከፍል ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

እትዬ ማኅደር የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ፣ ልጅም ስላልነበራት፣ ከአንኮበር ዝቅ ብሎ ያለው የሴቶች ገዳም ገብታ ቆብ መጫን። ከዚህ ዓለም የቀረኝ ነገር የለም ብላ ለነፍስ አባታችን ለአባ ገብረመንፈስቅዱስ ስትነግራቸው፣ እሳቸው ግን አንድ ነገር ቀርቶሻል አሏት።

«የሞተ ሰው አደራ መቀነትሽ ላይ ቋጥረሽ ከዓለም ወጣሁ አትይም። መጀመሪያ አስረክቢ። ያን ቀን እኔው ራሴ ይዤሽ እወርዳለሁ።»

እሷም እሺ ብላ ልታስረክበን መጣች። የዋህ ናት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዝክሩ ማግስት ትሰበስበናለች፤ በየዓመቱም በአክብሮት እንገድላታለን። ጋሼ ተስፋሚካኤል «አንቺ እያለሽልን? ያላንቺ እኮ እኛ የተበተንን ነን» ይላሉ። ሥርጉት ጉልበቷን ትስምና «እትዬ፣ አንቺ እጅ ላይ ያለው በረከት እኛ ጋ የለም» ትላለች። እኔ «ገና ወጣት ነሽ እኮ» እላታለሁ፤ እሷም «ይህን ለጉልበቴ ንገሪልኝ» ትለኛለች። ከዚያ ተመርቀን፣ የተረፈውን ዳቦ በፌስታል ተሸክመን ወደየቤታችን። እሷ ቁልፏን ይዛ ትቀራለች። እንዲህ እያልን ስንት ጥር እንዳሳለፍን እንጃ።

ዘንድሮ ግን አባ ገብረመንፈስቅዱስ ራሳቸው በስብሰባው ላይ ልገኝ አሉ። መንገዱ ክፍት የሆነበት ሳምንት ስለነበር፣ በሰላም እጦት የሚያሳብብም ጠፋ። አንኮበር ያለው የአያቴ ቤት ውስጥ ተሰበሰብን፤ ብርዱ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ጋቢ ለጋቢ ተደጋግፈን ተቀመጥን። ቴዎፍሎስ ብቻ አልደረሰም፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞት ቆሟል ተባለ። አባ ኑዛዜውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡልን። ቀጥለው ጸለዩ። ሲጨርሱ እንደ ወጉ የእጅ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ እኛ ዘረጉ።

ይህ ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር ነው። ከጸሎት በኋላ ሰው ይሳለማል፣ ይቀመጣል፣ አለቀ። ነገር ግን የኑዛዜው ቃል ገና ከጆሯችን አልወጣም ነበር፤ መስቀል ተሳልሞ እሺ ላለ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር አሰብን። ይህ ቤተሰብ እንዲህ ተስማምቶ አያውቅም።

ጋሼ ተስፋሚካኤል ሳል ጀመራቸው። «አባ፣ ጉንፋን ይዞኛል፤ መስቀሉን እንዳልበክለው» አሉ፣ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው። ሥርጉት ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ሄሎ፣ ሄሎ» እያለች ወደ ጓሮ ወጣች። በዚያ ቤት ኔትወርክ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ እሷም ታውቃለች፣ እኛም እናውቃለን። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ጠላ ልቅዳ ብዬ ተነሥቼ፣ ሞልቶ የቆየውን ብርጭቆ ሁሉ በጥንቃቄ ሞላሁ።

የአባ እጅ አየር ላይ ቀረ። አንድ ጊዜ ወደ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ግራ ገብቷቸው ሳይሆን ገብቷቸው ነበር፤ ግን እጃቸውን አላጠፉም፣ እልኸኛ ናቸው። በመጨረሻ እትዬ ማኅደር ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጎንበስ ብላ ተሳለመች።

«አንቺማ ይዘሽዋል፣ ልጄ» አሏት ቀስ ብለው።

ይኼኔ በሩ ተከፈተና ቴዎፍሎስ ገባ። ጃኬቱ ረጥቧል፣ አፍንጫው ቀልቷል፣ እግሩ ጭቃ ነው። መስቀሉ የተዘረጋው ልክ በሩ ፊት ለፊት ነበር። ሰውዬው ምን ያርግ? አሳዳጊዎቹ እንዳስተማሩት ባርኔጣውን አውልቆ፣ ግንባሩን አስነክቶ፣ ስሞ፣ ደግሞ ስሞ ቀና አለ።

ከዚያ ሥርጉት ከጓሮ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ስልኩ በምን ፍጥነት እንደተዘጋ አላውቅም። ጋሼ ተስፋሚካኤል ሳላቸው ለቋቸው ብድግ አሉና «ጎበዝ የእህቴ ልጅ! እግዚአብሔር የሚመርጠውን ያውቃል» እያሉ ትከሻውን ሳሙት። እኔም አልቀረሁም፣ አጨበጨብኩ። ቴዎፍሎስ በሰላም በመድረሱ የተደሰትን መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እናንተ ደግሞ፣ ጉም ነው እኮ፤ ያን ያህል አያሰጋም» አለ።

እትዬ ማኅደርን ያየኋት ያን ጊዜ ነው። መቀነቷን እየፈታች ነበር። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም፤ ካሳደገችኝ ጀምሮ አይቼባት የማላውቀው ነው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሳይሆን ከነቋጠሮው አወጣችና ቴዎፍሎስ መዳፍ ላይ አኖረችው፤ እጁንም በሁለት እጇ ገጥማ ያዘችው።

«ተባረክ» አለችው። «ተባረክ ልጄ። አሳረፍከኝ።»

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ቴዎፍሎስ።

ተነገረው። ከሰማ በኋላ ቁልፎቹን ከእሳት የወጣ ድንች ይመስል በርጩማው ላይ ጣላቸው።

«አባ፣ እኔ እኮ የተሳለምኩት እንዲሁ ለመሳለም ነው። ለዚህ መሆኑን ማን ነገረኝ? ዛሬ ወሎ ነኝ፣ ነገ አዲስ አበባ። የተከራይ ጣራ የማየው ከመኪና ላይ ሆኜ ነው ወይ?»

ጋሼ ተስፋሚካኤል ቆፍጠን ብለው ቆሙ። መስቀል ስሞ መካድ የለም አሉ። ቃል የሰማይ ነው፣ ሕግም አለ፣ ሃይማኖትም አለ፣ አባታችን መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ከመቃብር ሆነው ያዩናል አሉ። እንዲህ ያለ ስብከት ከቤተ ክርስቲያንም አልሰማሁ።

አባ ገብረመንፈስቅዱስ እስኪጨርሱ ጠብቀው «ጉንፋኑ ተሻለህ?» አሏቸው።

ጋሼ ተቀመጡ።

«ሳያውቅ የተሳለመ ሰው አይታሰርም» አሉ አባ። «መሪጌታ ያሉት ፈቃደኛ ነው። ወጥመድ ውስጥ የገባ አላሉም። ቴዎፍሎስ፣ ነጻ ነህ።»

ቴዎፍሎስ አመስግኖ እሳት ዳር ሄዶ ተቀመጠ። ጠላ ቀዳሁለት፣ ጠጣ። ሥርጉት እልልታዋን የት እንደምታስገባው ጠፍቷት ነጠላዋን ታስተካክላለች። እትዬ ማኅደር ከበርጩማው ላይ ቁልፎቹን አነሣችና መቀነቷ ላይ ልትቋጥራቸው ሞከረች። አልተቋጠረላትም። ጫፉን ከጫፍ ማገናኘት አቃታት፤ ሁለቴ ፈታችው፣ ሁለቴ መለሰችው። ከዚያ ቁልፎቹን እንዲሁ በጇ ጨብጣ «በሉ ምሳ ይቅረብ፣ አባም ርቧቸዋል» አለች።

ዳቦውን ላመጣ ወደ ጓዳ ገባሁ። ዳቦው አልጋው አጠገብ ባለው ሳጥን ላይ ነበር፤ አልጋው ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ወይባ። መነኮሳት የሚለብሱት ያ ቢጫ ልብስ፣ ታጥፎ፣ በላዩ ላይ መቁጠሪያ ተቀምጦበት። ከአልጋው ሥር አንዲት ትንሽ ሻንጣ በገመድ ታስራ ቆማለች፤ ከአጠገቧ የጎማ ጫማዋ ታጥቦ፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ ተቀምጧል።

ዛሬ ልትሄድ ነበር። ገባኝ። አባ ከመጡ ዘንድሮስ አይቀርም ብላ፣ ከስብሰባው በቀጥታ አብራቸው ልትወርድ ጓዟን ጠቅልላ ነው የጠበቀችን። የሻንጣው ገመድ ደግሞ አሮጌ ነው፤ ቋጠሮው አቧራ ጠጥቷል። ይህ ሻንጣ ዛሬ አይደለም የታሰረው። እኛ በየዓመቱ ጉልበቷን ስመን፣ ዳቦ ይዘን ስንሄድ፣ እሷ እዚህ ጓዳ ገብታ ይህን ሻንጣ ትመልሰው ነበር።

እንዴት እንደተናደድኩ አልነግራችሁም። በማን እንደሆነም እንጃ፤ በጋሼ፣ በሥርጉት፣ በቴዎፍሎስ፣ በአያቴም ጭምር፤ ከሁሉ ይልቅ በዚያች ጠላ ቀጂ። ዳቦውን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

«አባ፣ መስቀሉን ያምጡት» አልኩ።

«ለምን?» አሉኝ።

«ልሳለም ነዋ። አውቄ። ማንም እንዳይከራከር ደግሞ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ሁለቱንም ቤት፣ ጣራውን፣ ፍሳሹን፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ እነዚህን እዚህ የተቀመጡትንም ጭምር፣ እሺ ብያለሁ።»

ሥርጉት እልልታዋን ልትጀምር አፏን ስትከፍት ዓይኔን አየችና ዘጋችው። እትዬ ማኅደር ቀርባኝ ቆመች።

«ሰርኬ፣ ተቆጥተሽ ነው ወይስ ፈቅደሽ?»

«ተቆጥቼ ነው» አልኳት። «እኔ ፈቅጄ የማደርገውን ሁሉ የማደርገው ተቆጥቼ ነው። አንቺው አይደለሽ ያሳደግሽኝ?»

አባን አየቻቸው። አባም «ታውቃለች፣ ይበቃል» አሉና መስቀሉን ዘረጉ። ተሳለምኩ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ቁልፎቹን ስትሰጠኝ አልመረቀችኝም፤ ጊዜ አልነበራትም። «የጓሮው ሱቅ ቆርቆሮ ልል ነው። ዓብዱራህማን ባለቅመሙ ኪራይ አያዘገይም፣ ግን ነፋስ በተነሣ ቁጥር ይደውላል፤ ታገሺው። ዝክሩን በጋን አትለኪው፣ በሰው ለኪው» አለችኝ። ደግሞ ዝቅ ብላ በጆሮዬ «የጸጉር ቤትሽንም ኪራይ መክፈል ጀምሪ» አለች። ከዚያ የድሮ ስልኳን ሰጠችኝ፣ የተከራዮቹ ቁጥር ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው ብላ። የዚያኑ ዕለት ሳይመሽ ሻንጣዋን ይዛ ከአባ ጋር ወረደች። የጎማ ጫማውን አድርጋ ስትሄድ እንደ ልጅ ትፈጥን ነበር።

በሳምንቱ ቆብ የምትጭንበት ቀን ሁላችንም ገዳሙ ድረስ ሄድን። የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞቷልና በቁሙ የሙታን ጸሎት ይደረግለታል። ይህን አውቅ ነበር፤ ግን ማወቅ ሌላ፣ ማየት ሌላ ሆነብኝ። ነጭ ልብስ አልብሰው መሬት ላይ አስተኟት። ካህናቱ ፍትሐቱን ጀመሩ። ጸጉሯን የቆረጧት በማይቆርጥ መቀስ ነው፤ እጄን በጄ ይዤ ነው ያየሁት፣ ልነጥቃቸው ምንም አልቀረኝም። አለቀስኩ። ተንሰቅስቄ ነው ያለቀስኩት፣ የእናቴ ጊዜ ሕፃን ስለነበርኩ ያላለቀስኩትን ሁሉ ጨምሬ።

ዘመዶቼም ያለቅሳሉ፤ ለቅሶ ላይ ማን ያህለናል። ጋሼ ተስፋሚካኤል ከሁሉ በላይ ደረታቸውን እየደቁ «እህቴ፣ ምሰሶዬ» ይላሉ። ቀጥለው እንባቸውን ሳይጠርጉ ወደ እኔ ዘንበል አሉና፣ ጥርሳቸውን ለማስተከል አስበው እንደነበር፣ የታመመ ይታከማል የሚለው ጥርስን ይጨምር እንደሆነ ጠየቁኝ። ሥርጉት በበኩሏ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እናታችን ነሽ ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። እግሬን ሰበሰብኩ።

ሥርዓቱ ሲያልቅ አነሧት። ወይባዋን ለብሳ፣ ቆቧን ጭና፣ ሌላ ስም ተሰጥቷት፣ ከሌሎቹ እናቶች መካከል ቆመች። ከመካከላቸው የቷ እንደሆነች ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ያ የድሮ ስልኳ ጮኸ። መዝጋቱን ረስቼው ነበር፤ እየተጣደፍኩ ወደ ቅጥሩ በር ወጥቼ አነሣሁት።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ እትዬ» አለ ዓብዱራህማን፣ ነፋሱ ከድምፁ በላይ እየጮኸ። «ቆርቆሮው ተገነጠለ። ግማሹ አስፋልት ላይ ነው ያለው፣ ሰው እንዳይጎዳ ልጆች አቁሜያለሁ። የድሮውን አናጢ ልጥራ ወይስ ሌላ? ምን ይሻለኛል እትዬ?»

የድሮው አናጢ ማን እንደሆነ አላውቅም። ስልኩን ከጆሮዬ ሳልነቅል ዞርኩና «እትዬ» ብዬ ተጣራሁ። እናቶቹ በሰልፍ ወደ ውስጠኛው ግቢ እየገቡ ነበር። እሷም አብራቸው አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። ሰምታኛለች፣ ትከሻዋ ሲያመነታ አይቻለሁ። ግን አልዞረችም፤ ገባች፣ በሩም ተዘጋ።

«ሄሎ? እትዬ ማኅደር?» አለ ዓብዱራህማን።

«የለችም» አልኩት። በሕይወት ላለች ሴት እንዲህ ማለት ከበደኝ። በነጠላዬ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረግኩ። «ሰርካለም ነኝ። አይዞህ፣ መጣሁ። እስከዚያው በርበሬውን ወደ ውስጥ አስገባው።»